ምን ይሰማዎታል?

«ስንፈተ ወሲብ፣ የቆየ የወገብና የራስ ሕመም፣ ጭንቀትና ድባቴ… ከቤትዎ ሳይወጡ፣ ማንም ሳያውቅ፣ በስልክዎ ብቻ!» ይላል ማስታወቂያው። የዚህ ዓይነቱ አሁን አሁን በሽ ነው። አንድ ወዳጄ አንብቦ ሲጨርስ «ይቺ እንኳ የድሮዋ የገበያ ቅባት ናት፤ ከችፌ እስከ ሪህ በአንድ ብልቃጥ!» ብሎ ሳቀ። እኔ ግን አልሳቅኩም። ማስታወቂያው ውስጥ እውነት የሆነ ነገር ቢኖር ያ ዝርዝር ነው። ሦስቱን ጎን ለጎን ያስቀመጣቸው ሰው፣ አውቆም ይሁን ሳያውቅ፣ ሆስፒታሎቻችን በሦስት የተለያየ በር የሚያስገቧቸውን ሕመሞች አንድ ቤት አስገብቷቸዋል።

እስኪ ነገሩን እንየው። ወገቡን የሚያመው ሰው እንቅልፍ የለውም። እንቅልፍ ያጣ ሰው ይነጫነጫል፣ ይከፋዋል። የከፋው ሰው አልጋ ላይ ፍላጎት አይኖረውም። ፍላጎት ያጣ ሰው «ምን ትለኝ ይሆን፣ ምን ይለኝ ይሆን» እያለ ይጨነቃል። የተጨነቀ ሰው ሰውነቱ ይገታተራል፤ የተገታተረ ሰውነት ደግሞ ወገብ ያሳምማል። ዞረን ዞረን እዚያው መጣን። በዚህ ላይ ለድባቴ ከሚታዘዙት ክኒኖች ብዙዎቹ የወሲብ ፍላጎትን እንደሚቀንሱ የታወቀ ነው። ዓለም አቀፉ የሕመም ጥናት ማኅበር በ2020 የሕመምን ትርጉም ሲያድስ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው) ሕመም የሰውነትም የስሜትም ነገር እንደሆነ አስፍሯል፤ ሥጋው ሳይቆስል እንኳ የቆሰለ ያህል ሊያም እንደሚችል ጭምር። ከሦስት ወር በላይ የቆየ ሲሆን ደግሞ ራሱን የቻለ በሽታ ሊባል ይችላል።

እንግዲህ ዝርዝሩ ልክ ነው። በስልክ መሆኑንም የማጣጥል ሰው አይደለሁም። ከ2020ው ወረርሽኝ ወዲህ በዓለም ዙሪያ ብዙ የንግግር ሕክምና ወደ ስልክና ወደ ኮምፒዩተር ሄዷል፤ ለጭንቀትና ለድባቴ በዚህ መንገድ የሚሰጠው ሕክምና እንደሚረዳም በብዙ ጥናት ታይቷል። ለቆየ ሕመም ጥቅሙ አነስ ይላል። በዚያው በ2020 የወጣ አንድ ትልቅ የጥናቶች ግምገማ የንግግር ሕክምናው፣ ፊት ለፊትም ቢሆን፣ ሕመም የሚቀንሰው በትንሹ መሆኑን በሐቅ ጽፎታል። ሻጮቹ ይቺን አይነግሯችሁም። ለማንኛውም ትንሽም ቢሆን ጥቅም ጥቅም ነው።

እኔን የሚቆረቁረኝ ሌላ ነው። አማርኛው።

መቼም የንግግር ሕክምና መድኃኒቱ ንግግር ነው። መርፌ የለው፣ ክኒን የለው። ፊት ለፊት ሲሆን ሐኪሙ የእጅህን መንቀጥቀጥ፣ የጫማህን አቧራ፣ በሩ ላይ ስትቆም ያመነታኸውን ያያል። በስልክ ሲሆን ይሄ ሁሉ ይቀርና ቃል ብቻ ይተርፋል። ስለዚህ በስልክ የሚያክም ሰው፣ በአካል ከሚያክመው ሰው ይበልጥ ቋንቋ ሊያውቅ ይገባል። ያለው ግን የተገላቢጦሽ ነው። ዓመታት ተማሪ የጻፈውን ሳርም የኖርኩ ሰው ነኝና ወዳጆቼ የተላኩላቸውን መጠይቆችና የቤት ሥራዎች እየለቃቀምኩ አነበብኩ። «ስሜትዎን ባለቤትነት ይውሰዱ።» «ለሕመምዎ ቦታ ይስጡት።» «ከባለቤትዎ ጋር ድንበር ያስቀምጡ።» እንዲያው እግዜር ያሳያችሁ! የእኛ ሰው ድንበር ሲባል የሚታየው ቀበሌ፣ ሽማግሌና የተነቀለ ችካል ነው። ከባልሽ ጋር ድንበር አስቀምጪ የተባለች ሴት ፍርድ ቤት ልትሄድ ነው የተነሣችው።

የሁሉም መጀመሪያ ደግሞ ያቺ ጥያቄ ናት፦ «ምን ይሰማዎታል?»

የፈረንጁ ቴራፒስት ይሄን ሲጠይቅ የሚጠብቀው ቁጣ፣ ሐዘን፣ ፍርሃት፣ እፍረት የሚል መልስ ነው። በአማርኛ ግን ይቺ ጥያቄ ባለቤት አላት። የሐኪም ናት። ከጤና ጣቢያው ነርስ ጀምሮ ነጭ ጋውን የለበሰ ሁሉ የጠየቀን እሷኑ ነው። መልሷንም ተምረነዋል፦ «ወገቤን።» «ራሴን።» «እዚህ ጋ ያቃጥለኛል።» ስለ ኑሮው እንዲናገር የሐኪሙን ጥያቄ የጠየቁት ሰው የሐኪሙን መልስ ቢሰጥ ምን ይፈረድበታል? ከዚያ ባለሙያው ማስታወሻው ላይ «ታካሚው ስሜቱን መግለጽ ይቸግረዋል» ብሎ ይጽፋል። አይቸግረውም። ተገልጿል እኮ!

ሰዋስው ላስተምራችሁ ካላላችሁ በቀር አንድ ነገር ልጨምር። አመመኝ፣ ጨነቀኝ፣ ከፋኝ፣ ደበረኝ፣ ራበኝ፣ ደከመኝ… በእነዚህ ሁሉ ውስጥ እኔ የዓረፍተ ነገሩ ባለቤት አይደለሁም፤ ተሳቢ ነኝ። አንድ ነገር ያመኛል፣ ያስጨንቀኛል፣ ያከፋኛል። ያ አንድ ነገር ማን እንደሆነ አይነገርም። አማርኛ ሕመምን እንደ መጣ እንግዳ ነው የሚያየው እንጂ እንደ ንብረት አይደለም። «ስሜትህን ባለቤትነት ውሰድ» ሲሉት ሰውየው የሚደናገጠው ለዚህ ነው። ያላመጣውን ዕዳ ፈርምበት ያሉት ይመስለዋል። (ባለቤት ማለት ደግሞ የትዳር ጓደኛም ነው። መጠይቁን የተረጎመው ሰው ይሄን አስቦት ቢሆን ኖሮ ቢያንስ ቆም ይል ነበር።) ብልህ ባለሙያ ግን ይቺኑ ሰዋስው ይጠቀምባታል፦ «ማነው የሚያስጨንቅዎት?» ብሎ ይጠይቃል። ከዚያማ ወሬው መጣ!

የሆዳችንም ነገር አለ። ሆዴ ባሰኝ እንላለን፤ ሆዴን ባር ባር አለው፤ አንጀቴን በላው፤ ቆሽቴ አረረ፤ ጨጓራዬን ላጠው፤ ሆድ ይፍጀው። የስሜት መዝገበ ቃላታችን ግማሹ ከአንገት በታች ነው። ይሄን ሳያውቁ የሚያክሙ ሰዎች ምን እንደሚገጥማቸው ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ በ1984ና በ1991 ዘመቻዎች ወደ እስራኤል የገቡትን ወገኖቻችንን ማየት ነው። በ1999 የታተሙ ጥናቶች እንደሚሉት ታማሚዎቹ በሆድና በልብ ቋንቋ የነገሩትን ሐዘን ሐኪሞቹ ብዙ ጊዜ በሌላ መንገድ ተረድተውታል። እነዚያ ሐኪሞች ፈረንጆች ነበሩ፣ ይቅር እንበላቸው። ዛሬ ግን የራሳችን ልጆች፣ በእንግሊዝኛ ተምረው በአማርኛ የሚያክሙ ልጆች፣ «ሆዴ» የሚለውን ቃል ሲሰሙ የጨጓራ ባክቴሪያ ተመርምረው እንደሆነ ይጠይቃሉ።

ሕመሙንስ እንዴት ይለኩታል? «ከ0 እስከ 10 ስንት ይሰጡታል?» ሮናልድ ሜልዛክ የሚባል የሞንትሪያል ሳይኮሎጂስት በ1975 ሕመምን በቁጥር ብቻ መለካት ከንቱ ነው ብሎ 78 የሕመም ቃላት በ20 ምድብ ደርድሮ አወጣ። ቃሉ ራሱ በሽታውን ይጠቁማል ከሚል ሐሳብ ነው። ሥነ ጽሑፍ ለሚወድ ሰው እንዴት ያለ መጠይቅ መሰላችሁ! በዚህ በኩል አማርኛ ድሃ አይደለም። ይወጋል፣ ይቆርጣል፣ ይፈልጣል፣ ይነዝራል፣ ይጠዘጥዛል፣ ይቆረጥማል፣ ይለበልባል፣ ይሰነጥቃል። ስሞቹም ዝግጁ ናቸው፤ ውጋት፣ ቁርጠት፣ ፍልጠት፣ ቁርጥማት። እንደ ኤሌክትሪክ ከወገብ እስከ ተረከዝ «የሚነዝር» ሕመም የነርቭ ሊሆን እንደሚችል ማንኛውም ሐኪም ያውቃል፤ «የሚቆረጥመው» ሌላ ነው። ይሄ ሁሉ ቃል ተቀምጦ እኛ የምንጠየቀው ቁጥር ነው። ቁጥሩም ቢሆን የእኛ ሰው ቁጥር አይደለም። 10 ማለት እግዜርን ማማረር ነው። 3 ማለት ደግሞ የሰውየውን ጊዜ ያለምክንያት መውሰድ። ስለዚህ 7 እንላለን። ሰባት ጨዋ ቁጥር ነው።

አሁን ወደ አስቸጋሪው እንምጣ።

ስለ ወሲብ የምንናገርበት አማርኛ ሦስት ነው፣ ሦስቱም ለባልና ሚስት አይሆኑም። አንደኛው የቤተ ክህነቱ ነው፤ ሩካቤ ሥጋ፣ ተራክቦ፣ ሀፍረተ ሥጋ። ሁለተኛው የፍርድ ቤቱና የጤና ቢሮው፤ ግብረ ሥጋ ግንኙነት፣ አባላዘር፣ ብልት። (ብልት እንኳ ከዶሮው አሥራ ሁለት ጋር የምንካፈለው ቃል ነው።) ሦስተኛው የመንገዱ ነው፤ እሱን ጋዜጣ አያወጣውም። በመጀመሪያው ይናዘዙበታል፣ በሁለተኛው ይከሰሱበታል፣ በሦስተኛው ይሰደቡበታል። አንዲት ሚስት ለባሏ «እዚህ ጋ ያመኛል፤ ቀስ በል» የምትልበት አማርኛ የቱ ነው? «ስንፈተ ወሲብ» የሚለውንም ተመልከቱት። ስንፈት ከስንፍና ጋር ወንድማማች ነው። ሰውየው ገና ስልኩን ሳያነሣ ሰነፍ ተብሏል! ደም ሥሩ የጠበበበትን፣ ስኳር የያዘውን፣ ሥራ ያጣውን ሰው ሁሉ ሰነፍ ብለን ከሰየምነው በኋላ «በነፃነት ይናገሩ» እንለዋለን።

በነፃነት የማይነገር ነገር ታዲያ አይጠፋም። ለብሶ ይመጣል። ሰምና ወርቅ ያስተማረን ሕዝብ አልጋው ላይ ያለውን ችግር በግልጽ ዓረፍተ ነገር ይነግረናል ብሎ የሚጠብቅ ባለሙያ አገሩን አያውቅም።

አንዲት የቀድሞ ተማሪዬ አለች፤ አሁን ወደ አርባው ተጠግታለች። ታሪኳን እንድጽፈው ፈቅዳልኛለች፤ እሷን የሚያስለይ ነገር ቀይሬያለሁ። የነገረችኝም ሴት ለሴት ስለሆንን ነው። ስድስት ዓመት ወገቧን አሟታል። ራጅ፣ ኤምአርአይ፣ መርፌ፣ ወጌሻ፣ ፀበል፤ ያልሞከረችው የለም። ሁሉም «ደህና ነሽ» ይሏታል። በመጨረሻ ውጭ አገር ካለች ኢትዮጵያዊት ባለሙያ ጋር በስልክ ጀመረች፤ በሳምንት አንድ ቀን፣ አርባ አምስት ደቂቃ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ቁጥር ስትጠየቅ ሰባት፣ ምን ይሰማሻል ስትባል ወገቤን። በአራተኛው ሳምንት ኔትወርኩ እንደ ልማዱ ደከመና ምስሉ ተዘጋ፤ ድምፅ ብቻ ቀረ። ማድ ቤት በሩን ዘግታ ምስር እየለቀመች ነበር የምታወራው።

«ዛሬ ቁጥሩን እንተወው» አለቻት ባለሙያዋ። «ወገብሽ የሚብስብሽ መቼ ነው?»

«ማታ ማታ ነው።»

«ከተኛሽ በኋላ ነው ወይስ ሳትተኚ?»

«ሳልተኛ… እሱ ሲመጣ።»

ባለሙያዋ ዝም አለች። ምስሩ ትሪው ላይ ሲንኮሻኮሽ ይሰማኝ ነበር አለች ተማሪዬ።

«እሱ ወገብሽን እንደሚያምሽ ያውቃል?»

«ያውቃል። ሲያመኝማ ይተወኛል።»

ያቺን ዓረፍተ ነገር ደግማችሁ አንብቧት። ስድስት ዓመት የተፈለገው በራጁ ፊልም ላይ ነበር።

የቀረውን ባጭሩ ልንገራችሁ። ልጅ ሆና ተገርዛለች። ከሠርጓ ማታ ጀምሮ ያማታል፤ ለማንም ተናግራ አታውቅም፤ ለእሱም። እምቢ ማለት በቤቷ ቋንቋ ውስጥ አልነበረም፤ «ወገቤን» ግን ነበረ። ታዲያ ውሸቷን ነው? አይደለም። ወገቧ እውነቱን ነው የሚያማት። በየማታው አንድን ነገር እየጠበቀ ሰውነቱን የሚያኮማትር ሰው ጡንቻው ድንጋይ ቢሆን ምን ያስገርማል። ባለሙያዋ እዚህ ላይ ያደረገችው ነገር ነው እኔን ያስደሰተኝ። «ይሄ በስልክ አይሆንም» ብላ እዚሁ አዲስ አበባ ወዳለች የማኅፀን ሐኪም ላከቻት። ሐኪሟ ጠባሳውን አየችው። ከዚያ በኋላ ነው ንግግሩ የቀጠለው። ባልየውም አንድ ቀን መኪናው ውስጥ ቁጭ ብሎ ገባበት። «የጠላችኝ ነበር የሚመስለኝ» አለ።

«ቲቸር» አለችኝ ተማሪዬ፣ «ስድስት ዓመት ‹ወገቤን› ስል አንድ ሰው እንኳ ‹መቼ?› ብሎ አልጠየቀኝም።»

በ2016ቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉት የአገራችን ሴቶች 65 በመቶው የተገረዙ ናቸው። ግርዛትን የወንጀል ሕጉ በ2004 ከልክሎታል፤ የተገረዙት ግን አሉ፣ አግብተዋል፣ ወገባቸውን ያማቸዋል። ካገላበጥኳቸው መጠይቆች መሀል ይሄን የሚጠይቅ አንድም አላገኘሁም። ለምን ይኖራል? የተተረጎሙት ግርዛት ከማያውቅ አገር ነዋ!

ግን ደግሞ ሁሉን ወገብ ወርቅ አለው ማለትም በሽታ ነው። እንዲህ ያለውን በሽታ በሥነ ጽሑፍ ክፍል ውስጥ በደንብ አውቀዋለሁ፤ በየስንኙ ሥር ምሥጢር የሚቆፍር ተማሪ አለ። አንዳንዱ ወገብ ወገብ ነው። እግር የሚያደነዝዝ፣ ሽንት የሚያስቸግር፣ ትኩሳት ወይም የክብደት መቀነስ ያለበት የወገብ ሕመም ለወሬ የሚቀመጡበት ሳይሆን ቶሎ ወደ ሆስፒታል የሚሮጡበት ነው። ወንዱም እንዲሁ። የብልት አለመቆም የልብና የደም ሥር በሽታ ቀዳሚ ምልክት፣ የስኳርም ምልክት ሊሆን እንደሚችል በሕክምና የታወቀ ነው። ስኳሩንና ደም ግፊቱን ሳያስለካ አንድን የሃምሳ ዓመት ሰው «በራስ መተማመንዎን እንገንባ» እያለ አሥር ሳምንት የሚያስከፍል ሰው ምን እንደሚባል እናንተው ስም አውጡለት።

የንግግር ሕክምና ሲወለድም ይሄ ጣጣ ነበረው። «በንግግር መፈወስ» የሚለውን ስም ያወጣችው ሐኪም ሳትሆን ታማሚ ናት፤ በ1895 ብሮየርና ፍሮይድ ባሳተሙት መጽሐፍ ውስጥ አና ኦ. የተባለችው፣ እውነተኛ ስሟ ቤርታ ፓፐንሃይም። ሳል፣ የእጅ ሽባነት፣ የዓይን መታወክ፤ ሁሉም በሰውነቷ ላይ ነበር። የሚገርመው ግን በሕመሟ ወቅት የአፍ መፍቻዋ ጀርመንኛ ጠፍቷት በእንግሊዝኛ ብቻ የምትናገርበት ጊዜ ነበር፤ ስሙንም ያወጣችለት በእንግሊዝኛ ነው። እንደሚወራው ድና አልወጣችም፤ በ1882 ወደ ማገገሚያ ተቋም ገብታለች። በኋላ በራሷ ጊዜ የታወቀች የሴቶች መብት ታጋይ ሆነች። የእኛዎቹ ኦንላይን ሐኪሞች የሚያስታውሱኝ ይሄንን ነው። በሽተኛዋ ሳትሆን ሐኪሙ ቋንቋው ጠፍቶት በእንግሊዝኛ ያስባል።

አሁንማ ጭራሽ ሰው የሌለበትም መጥቷል፤ በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚመልስ። ይሄም አዲስ አይደለም። ጆሴፍ ዋይዘንባም የተባለ የኤምአይቲ ሰው በ1966 ኤሊዛ የምትባል ፕሮግራም ሠራ፤ «እናቴ ትጠላኛለች» ብትሏት «ስለ ቤተሰብህ ንገረኝ» የምትል፣ ያላችሁትን መልሳ የምትወረውር። ፕሮግራሙን ሲሠራ ለወራት ስታየው የኖረች ጸሐፊው ጥቂት ካወራች በኋላ ክፍሉን ለቆ እንዲወጣላት ጠየቀችው። ዋይዘንባም ደነገጠ፤ በ1976 ባወጣው መጽሐፍም ነገሩን ጽፎታል። እኔ ግን ጸሐፊዋ ትገባኛለች። ሰው ዝም ብሎ የሚሰማው ካገኘ ለግድግዳም ይናገራል። የዛሬዎቹ ከኤሊዛ እጅግ የረቀቁ ናቸው፤ «ወገቤን» ስትሏቸው ስለ አቀማመጥና ስለ ፍራሽ ጥሩ ምክር ይሰጣሉ። «ሲያመኝማ ይተወኛል» ውስጥ «ማ»ን መስማት ግን… እንጃ። ያቺ «ማ» ብቻዋን አንድ ትዳር ናት።

«ማንም ሳያውቅ» የሚለው ተስፋ ቀላል ነገር አይደለም። የአማኑኤል ሆስፒታል ስም ስድብ በሆነበት ከተማ በሩ ላይ ሳይታዩ መታከም ትልቅ ጸጋ ነው። ለዚያ ጸጋ ስል ብቻ ይሄን ሥራ ይበርታ እላለሁ። ግን ቃሉን የሚሰጡት ሰዎች ቃሉን የሚጠብቁበት ነገር አላቸው ወይ? ቫስታሞ የሚባለው የፊንላንድ የሥነ ልቦና ተቋም መዝገቡ ተሰርቆ በ2020 ከ30 ሺህ በላይ ታካሚዎች «ገንዘብ ላክ፤ አለዚያ ለሐኪምህ የነገርከውን አወጣዋለሁ» ተብለዋል። ሌባው በ2024 ከስድስት ዓመት በላይ ተፈርዶበታል፤ የተነበበው ግን ተነቧል። ቤተርሄልፕ የተባለው የአሜሪካ ድርጅት ደግሞ ሌባ እንኳ አላስፈለገውም፤ የደንበኞቹን መረጃ ለፌስቡክና ለመሳሰሉት ለማስታወቂያ አሳልፎ ሰጥቷል ተብሎ በ2023 ከፌዴራል ንግድ ኮሚሽኑ ጋር በ7.8 ሚሊዮን ዶላር ተስማምቷል። እኛም በ2024 የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ አውጥተናል፤ ቁጥሩ 1321 ነው። በቴሌግራም ድምፅ የሚያክመን ሰው አንብቦት እንደሆነ ብትጠይቁት አይከፋም።

የእኛ ምሥጢር ግን በብዛት የሚወጣው በሌባ ሳይሆን በግድግዳ ነው። ማስተርስና ጆንሰን በ1970 ባወጡት ዘዴ የወሲብ ሕክምና የሚሰጥ ሁሉ የቤት ሥራ ያዝዛል፤ ባልና ሚስት ግንኙነቱን ለጊዜው ትተው ያለ ችኮላ ገላ ለገላ እንዲተዋወቁ፣ ማንም በማይረብሻቸው ክፍል። ደግ ዘዴ ነው። ማንም የማይረብሽበት ክፍል በየት ይመጣል? አንድ ክፍል፣ ሦስት ልጅ፣ አንድ አማት፣ ከመጋረጃ ወዲያ። ምክሩን የምትሰማው በጆሮ ማዳመጫ ቢሆንም የምትመልሰው በአፍህ ነው። መኪና ያለው መኪናው ውስጥ ይታከማል፤ የሌለው ጓሮ ቆሞ «እሺ፣ አዎ፣ አይ» እያለ። ቤሩት ወይም ሪያድ ሰው ቤት የምትሠራዋ እህታችን ሁሉ ከተኛ በኋላ መታጠቢያ ቤት ገብታ ውኃውን ከፍታ ነው፤ ስልኩ ካልተነጠቀች። እሱም መስመሩ ካለ ነው። በትግራይ ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ በጦርነቱ፣ በአማራ ክልል ደግሞ ከነሐሴ 2023 በኋላ ለወራት መስመር ተዘግቶ ኖሯል፤ ሰው ይበልጥ የተጨነቀው ደግሞ ያኔ ነበር።

ስለዚህ ይሄን ሕክምና ልትሞክሩ ካሰባችሁ፣ ሞክሩት አልከለክልም፣ ስለ ዲግሪውና ስለ ፈቃዱ ከጠየቃችሁ በኋላ ገንዘቡን ከመክፈላችሁ በፊት አንዲት ጥያቄ ጨምሩ። «ሆዴ ባሰኝ ብልዎት ማስታወሻዎ ላይ ምን ብለው ይጽፋሉ?» በሉት። «ማን አስባሰዎት?» ካለ ክፈሉት። «ከምግብ በፊት ነው ወይስ በኋላ?» ካለ ግን ስልኩን በጨዋ ደንብ ዝጉና ገንዘባችሁን ያዙ።